ዶዘሩ ከወጣ በኋላ

ስለ ደን መጨፍጨፍ ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ጉቶ ነው። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም የሚያሳየን ያንኑ ነው። ስንት ዛፍ ተቆረጠ? ስንት ሜትር ኩብ እንጨት ወጣ? ብለን እንጠይቃለን፣ ቁጥሩን ጽፈን እንወጣለን። ሆኖም እንጨት በከባድ ማሽን በሚመረትበት ደን ውስጥ ትልቁ ጉዳት ያለው ጉቶው ላይ ላይሆን ይችላል። ከጉቶው አጠገብ ሳይቆረጡ የተሰበሩ ዛፎች አሉ፤ በዶዘር ሰንሰለት የተጠቀጠቀ መሬት አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሽኑ የገባበት መንገድ አለ። ግንዱ ተጭኖ ከሄደ በኋላም መንገዱ እዚያው ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ በማሽን የሚካሄድ የእንጨት ቆረጣ ደንን እንዴት እንደሚለውጥ ለማስረዳት ይሞክራል። ለምሳሌነት የመረጥኩት የቦርንዮን ደሴት ነው። ለምን ቦርንዮ? ለምን መሰላችሁ፣ ነገሩ በስፋት የተካሄደው እዚያ ከመሆኑም በላይ በሚገባ የተጠናውም እዚያ ስለሆነ ነው። ቦርንዮ በዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ ደሴት ስትሆን ስፋቷ የኢትዮጵያን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ያህላል። ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ብሩናይ ይጋሯታል። በሰሜን በኩል ያሉት ሳባህና ሳራዋክ የማሌዥያ ግዛቶች ሲሆኑ፣ ካሊማንታን የሚባለው ሰፊው የደቡቡ ክፍል የኢንዶኔዥያ ነው።

ከመጥረቢያ እስከ ዶዘር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በቦርንዮ እንጨት አይቆረጥም ነበር ማለት አይደለም። ይቆረጥ ነበር፣ ግን በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ነው። ግንዱን ሰዎች በእንጨት ሐዲድ ላይ እየጎተቱ ወንዝ ዳር ያደርሱታል፤ ከዚያ ውኃው ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት የሚቆረጠው ወንዝና ባሕር ዳር ያለው ዛፍ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ግንድ በሰው ጉልበት ዳገት አይወጣም፣ ገደል አይሻገርም። ስለዚህ የመሀሉንና የኮረብታውን ደን የሚጠብቀው ዘበኛ ርቀቱ ነበር።

ይህን ዘበኛ ያባረሩት ሁለት ማሽኖች ናቸው። የመጀመሪያው እኛም አገር ቼይንሶው የምንለው የሞተር መጋዝ ነው። ጀርመናዊው አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ አወጣ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ በጣም ከባድ ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ የሚሠራበት መጋዝ የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ሁለተኛው ማሽን ባለ ሰንሰለቱ ዶዘር ነው። ዶዘር ጭቃ አይፈራም፤ ፊት ለፊቱ ባለው አካፋ መንገዱን ራሱ ይጠርጋል፤ ከኋላው ባለው ዊንችና የብረት ገመድ ግንዱን ይጎትታል። መንገድ ሠሪም ጎታችም እሱ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ሒሳቡ ተቀየረ። ጥንድ ሠራተኞች በመጥረቢያ ረጅም ሰዓት የሚታገሉት ዛፍ በደቂቃዎች ይወድቃል። ጎትቶ ማውጣቱም ቢሆን የብዙ ሰው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሾፌር ሥራ ሆነ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የቦርንዮን ግንድ አጥብቀው ይፈልጉት ስለነበር ገበያ አልጠፋም። ማሽኑ፣ ገበያውና ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት አንድ ላይ ሲገጥሙ ደኑ ተከፈተ።

አንድ ዛፍ ሲወድቅ

በቦርንዮ ኩባንያዎቹ ደኑን ሙልጭ አድርገው አይቆርጡም። መርጠው ነው የሚቆርጡት። ገበያ ያለውንና ወፍራሙን ዛፍ ይወስዳሉ፣ ቀጭኑን ይተዋሉ። በወረቀት ላይ ይህ መልካም ይመስላል፤ ትልቁ ቢሄድ ትንሹ ያድጋልና። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

የቦርንዮ ደን ዋነኛ ዛፎች ዲፕተሮካርፕ የሚባሉት ናቸው። ብዙዎቹ ከ50 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳባህ ዳኑም ሸለቆ ውስጥ መገኘቱ ይፋ የሆነው አንዱ 100.8 ሜትር ተለክቷል። ይህን የመሰለ ዛፍ ሲወድቅ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የሚወድቀው። አናቱ ከጎረቤቶቹ አናት ጋር በሐረግ ተሳስሯል። ሐረጉ እንደ ገመድ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ያልተያዙትንም ግንዱ ወርዶባቸው ይሰብራቸዋል።

ቀጥሎ ዶዘሩ ይመጣል። በተለመደው አሠራር ቆራጩና የዶዘር ነጂው የሚከፈላቸው ባወጡት እንጨት መጠን ነው። ስለዚህ ጥድፊያ አለ። ነጂው በእጁ ካርታ የለውም። ግንዱ የት እንደወደቀ እየዞረ ይፈልጋል፣ በፈለገ ቁጥር አዲስ መስመር ይቀዳል፣ በመንገዱ ያገኘውን ለጋ ዛፍ ሁሉ ይደፍቃል። የሚተኛው ለጋ ዛፍ ደግሞ ከ40 እና ከ50 ዓመት በኋላ ይቆረጣል ተብሎ በዕቅዱ ላይ የተጻፈው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለ፣ መሬት ላይ ግን የሌለ ዛፍ ማለት ነው።

ዲፕተሮካርፕ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። በየዓመቱ አያፈራም። ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ሰሞን ደኑ በሙሉ በአንድነት ያፈራል። ዘሩ እንደ ባቄላ ጎተራ ገብቶ የሚቆይ አይደለም፤ መሬት ከነካ በኋላ ወይ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፣ ወይ ይሞታል። ስለዚህ የደኑ ቁጠባ ያለው በዘር መልክ ሳይሆን በትልልቆቹ ጥላ ሥር ቀጭጨው ዓመታት በሚጠብቁት ቡቃያዎች ነው። ዶዘሩ አፈሩን ሲገፍ የሚገፈው ይህንን ቁጠባ ነው። ዘር የሚጥለው ትልቁ ዛፍ ተወስዷል፣ ቡቃያው ተገፏል፤ ቀጣዩ የፍሬ ሰሞን መቼ እንደሚመጣ ደግሞ አይታወቅም።

መሬቱ ምን ይሆናል?

የእህል አውድማ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሬዎች ሲረግጡት የሰነበተ አውድማ ላይ ዝናብ ቢዘንብ ውኃው አይሰርግም፣ ሣርም ቶሎ አይበቅልበትም። የበሬ ኮቴ ይህን ካደረገ ብዙ ቶን የሚመዝን ዶዘር፣ ያውም በእርጥብ ሸክላ አፈር ላይ፣ ከኋላው ግንድ እየጎተተ ሲመላለስ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይጨፈለቃል። አየር አይገባም፣ ሥር አይዘልቅም፣ ውኃ አይሰርግም። የማይሰርገው ውኃ በላይ በላይ ይሄዳል፤ ሲሄድም አፈሩን ይዞ ነው። መስመሩ ወደ ቦይነት፣ ቦዩም ወደ ቦረቦርነት ይለወጣል፤ ጭቃው ወንዝ ይገባል።

በሳባህ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው በተለመደው አሠራር በተቆረጠ ደን ውስጥ ወደ 17 በመቶ የሚሆነው መሬት መንገድና የመጎተቻ መስመር ሆኗል። በጥንቃቄ በተቆረጠው ደን ውስጥ ግን ይህ 6 በመቶ ገደማ ነበር። አንድ መቶ ሄክታር ደን ብንወስድ በመጀመሪያው ዓይነት 17 ሄክታሩ አውድማ ሆነ ማለት ነው። ሰማይ ላይ ሆኖ ለሚያይ ግን አሁንም ደን ነው፤ ካርታው ላይም አረንጓዴ ተቀብቶ ይቀመጣል።

መንገዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በሳተላይት ምስል እየታገዘ በቦርንዮ ከ1973 እስከ 2010 ለእንጨት ማውጫ የተከፈቱትን ዋና ዋና መንገዶች ለክቷል። ድምሩ 271,819 ኪሎ ሜትር ሆነ። የመሬት ወገብ ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንዲት ደሴት ላይ ዓለምን ስድስት ጊዜ ዞሮ ሰባተኛውን ሊጨርስ ጥቂት የቀረው መንገድ ተሠርቷል ማለት ነው። በዚያው ዘመን የደሴቲቱ ደን 30 በመቶ ያህል ጠፍቷል።

መንገድ መልካም ነገር አይደለም እንዴ? ሊል የሚችል አንባቢ አለ። ልክ ነው፣ ለገጠር ሰው መንገድ ሐኪም ቤትም ገበያም ነው። የእንጨት መንገድ ግን የሚቀየሰው ግንዱ ወዳለበት እንጂ ሰው ወዳለበት አይደለም። ኩባንያው ጨርሶ ሲወጣ መንገዱን የሚዘጋው ከሌለ ሌላው ይገባበታል። አዳኝ ይገባል፤ ሕገ ወጥ ቆራጭ ይገባል፤ መሬት ፈላጊ ይገባል። ደኑ ትልልቆቹ ዛፎች ስለሌሉት “የተጎሳቆለ” የሚል ስም ይወጣለታል። የተጎሳቆለ ከተባለ በኋላ ጠርጎ የዘንባባ ዘይት እርሻ ማድረግ ይቀላል። በጥናቱ መሠረት በ2010 የኢንዱስትሪ እርሻዎች የደሴቲቱን 10 በመቶ ገደማ ይዘው ነበር።

የሚያሳዝነው ግን “የተጎሳቆለ” የተባለው ደን የሞተ አለመሆኑ ነው። በሳባህ ሁለት ጊዜ በተቆረጠ ደን ውስጥ ተመራማሪዎች ባልተነካው ደን ከሚገኙት የወፍና የፋንድያ ጥንዚዛ ዓይነቶች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑትን አግኝተዋል። ዶዘሩ ያቆሰለው ደን ጊዜ ቢሰጠው ሊያገግም ይችል ነበር። የዘንባባ እርሻ ከሆነ በኋላ ግን ማገገም የሚባል ነገር የለም።

በመንገዱ የሚገባው ሌላው እንግዳ እሳት ነው። ያልተነካ ዝናባማ ደን በቀላሉ አይቃጠልም፤ ከታች ጥላ ነው፣ እርጥብ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ሲወሰዱ ፀሐይ መሬት ትደርሳለች፤ የተጣለው ቅርንጫፍ ይደርቃል፤ እሳት የሚለኩስ ሰውም በመንገዱ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 በኤልኒኞ ድርቅ ወቅት በምሥራቅ ካሊማንታን ታላቅ ቃጠሎ ተነስቶ ነበር። በኋላ በሳተላይት ሲጠና፣ እንጨት ከተቆረጠበት ደን 59 በመቶው በእሳት ሲጎዳ ካልተነካው ደን የተጎዳው 5.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ድርቁ አንድ ነው፤ የተለያየው ደኑ የነበረበት ሁኔታ ነው።

ደኑ ቤታቸው የሆነ ሰዎች

እስካሁን ስለ ዛፍና ስለ አፈር ብቻ አወራሁ። ደኑ ግን ሰው አለው። በሳራዋክ የሚኖሩት ፔናኖች በአደንና ከዱር በሚገኝ ሳጎ በሚባል የዘንባባ ዱቄት የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ዶዘር ሲመጣ ሳጎው ተደፈቀ፣ አውሬው ሸሸ፣ የሚጠጡት ወንዝ ደፈረሰ። ለመንግሥትና ለኩባንያዎች አቤት ብለው መልስ ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ1987 መንገድ ላይ ቆሙ። ከግንድና ከቀርከሃ አጥር ሠርተው፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ የእንጨት መኪና እንዳያልፍ ዘጉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዘጉት ዛፉን አቅፈው አይደለም፤ መንገዱን ነው የዘጉት። ጉዳቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። የግዛቲቱ መንግሥት የሰጠው መልስም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ በዚያው ዓመት የደን ሕጉን አሻሽሎ የእንጨት መንገድ መዝጋትን ወንጀል አደረገው። ብዙ ፔናኖች በዚህ ታሰሩ። ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በመንገዱ ላይ ነው።

ሌላ አሠራር አለ ወይ?

አለ። ማሽን በራሱ ክፉ አይደለም። በስዊድንና በፊንላንድ ሃርቨስተር የሚባለው ማሽን አንድን ዛፍ ይዞ፣ ቆርጦ፣ ቅርንጫፉን መልምሎ፣ በልክ ቆራርጦ ለመደርደር ብዙም ጊዜ አይፈጅበትም። እዚያ ግን መሬቱ በክረምት ይጠነክራል፤ ለስላሳ በሆነበትም ጎማው አፈሩን እንዳይጨፈልቅ የተመለመለውን ቅርንጫፍ ከሥሩ ያነጥፉለታል።

በሐሩር ደን ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ምን ውጤት እንዳለው የተሞከረው ሳባህ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የካርቦን ልቀቱን ለማካካስ ሲል ገንዘብ ሰጥቶ 1,400 ሄክታር ደን በተሻለ ዘዴ እንዲቆረጥ ተደረገ። ዘዴው ተአምር የለውም። ቆረጣው ከመጀመሩ ከወራት በፊት ሐረጎቹ ይቆረጣሉ፣ ዛፉ ሲወድቅ ጎረቤቱን እንዳይጎትት። የሚቆረጡት ዛፎች ተቆጥረው ካርታ ላይ ይሰፍራሉ። ዶዘሩ የሚሄድበት መስመር አስቀድሞ ይቀየሳል፤ ዛፉም ወደዚያ መስመር አቅጣጫ እንዲወድቅ ይደረጋል። ዝናብ ሲዘንብ ሥራ ይቆማል። ገደላማ ቦታና ወንዝ ዳር አይነካም። ሥራው ሲያልቅ በመስመሩ ላይ የውኃ መቀልበሻ ተሠርቶ ይዘጋል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ፣ በተለመደው መንገድ በተቆረጠው ደን ውስጥ ከቆረጣው በፊት ከነበረው የዕፅዋት ክብደት የቀረው 44 በመቶ ሲሆን፣ በጥንቃቄ በተቆረጠው ግን 67 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ከልዩነቱ ከፊሉ የመጣው በጥንቃቄ ሲሠራ ከአንድ ሄክታር የሚወሰደው እንጨትም ስላነሰ ነው። ቢሆንም ማሽኖቹ ያው የሞተር መጋዝና ዶዘር ናቸው። የተለወጠው ዕቅዱ ነው። እዚያው ሳባህ ውስጥ 55,000 ሄክታር የሚሰፋው የዴራማኮት ደን በዚህ ዓይነት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 ኤፍ.ኤስ.ሲ. በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ የደን የምስክር ወረቀት አግኝቷል።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ሁሉም ለምን አይሠራበትም? መልሱ ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። ካርታ ማንሳት፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ በዝናብ ቀን ማሽን ማቆም ሁሉ ወጪ ነው፤ ገደላማው ሲተው ደግሞ ገቢ ይቀንሳል። ፈቃዱ ለጥቂት ዓመት ብቻ ከሆነ ኩባንያው ከ40 ዓመት በኋላ ስለሚቆረጠው ዛፍ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። የደኑ የነገ ዋጋ የሌላ ሰው ነው፤ የዛሬው ወጪ ግን የእሱ።

እኛስ?

ኢትዮጵያ ቦርንዮ አይደለችም። በእኛ አገር ለደን መመናመን ዋነኛ ምክንያት ተደርገው የሚጠቀሱት የእርሻ መሬት መስፋፋትና የማገዶ ፍላጎት ናቸው እንጂ የዶዘር መንጋ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ከቦርንዮ የምንወስደው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እሱም ስለ አቆጣጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቀው ትርጓሜ መሠረት በኢትዮጵያ ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ዛፎቹ ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝሙና ቢያንስ 20 በመቶ የአናት ሽፋን ያለው መሬት ነው። በዚህ ስሌት የአገሪቱ የደን ሽፋን በወቅቱ 15.5 በመቶ ገደማ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ቁጥሩ ለሥራ ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የካፋና የሸካ ደን ትልልቅ ቀራሮዎችና 2 ሜትር የሆነ የቆላ ቁጥቋጦ እኩል ደን ናቸው። ከአንድ ደን ውስጥ ዝግባው፣ ቀራሮውና ዋንዛው በሞተር መጋዝ ተለቅመው ቢወጡ የአናት ሽፋኑ ከ20 በመቶ እስካልወረደ ድረስ 15.5 ያው 15.5 ነው። ጥላው ሲሳሳ ግን ከሥሩ ያለው የዱር ቡናም፣ በዛፉ አናት ላይ የሚሰቀለው የገበሬው ቀፎም ይነካሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ዜናው ዓለምን አዳርሷል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው። ሆኖም የተተከለን መቁጠር ቀላል ነው፤ የተቆረጠን መቁጠርም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ማለትም ቆሞ እያለ ከውስጡ የሚያልቀውን ደን፣ ቢሮ ተቀምጦ መቁጠር አይቻልም። እግር ይጠይቃል።

እኔና ጓደኞቼ ነገ ማይክሮፎን ይዘን ደን ውስጥ ስንገባ “ስንት ዛፍ ተቆረጠ?” የሚለውን እንጠይቅ፣ ግን እዚያ ላይ አናቁም። ፈቃዱ ለስንት ዓመት ነው? ግንዱ የወጣው በየት በኩል ነው? ከሥሩ ያለው ቡቃያ ተርፏል ወይ? የታችኛው መንደር የሚጠጣው ወንዝ ምን መሰለ? እያልን እንቀጥል። ጉቶ ፎቶ አንስተን ከመመለሳችን በፊት ደግሞ የደኑ ኃላፊ ፊት ቆመን አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ይህን መንገድ ማን፣ መቼ ይዘጋዋል?